ድምፅ ዕጢ ሲያደቅ

ካንሰርን «በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ» እናጠፋለን ባዮች ዛሬ አልተፈለፈሉም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮያል ራይፍ የተባለ አሜሪካዊ፣ ካንሰር አምጪ ተሕዋስያንን በንዝረት የሚሰባብር መሣሪያ ሠራሁ ብሎ ነበር። ማስረጃ አልተገኘለትም። በስሙ የሚጠሩ ሣጥኖች ግን ዛሬም ይቸበቸባሉ፤ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ንግድ ተከሰው የተፈረደባቸው አሉ። የሚያናድደው፣ ንዝረት ዕጢ ያጠፋል የሚለው ነገር ሙሉ በሙሉ ቅዠት አለመሆኑ ነው።

*

ዠን ሹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች የአሳማ ልብ እያስቀመጠች በአልትራሳውንድ ትደበድብ ነበር። መሣሪያው ስለሚንጫጫ የላቦራቶሪው ባልደረቦቿ አማረሩ። ጩኸቱ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ እንዲሆን በሰከንድ የሚተኮሰውን ምት አበዛችው። ጫጫታው ቀረ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ልቡ ላይ ቀዳዳ ታየ። ዛሬ ሂስቶትሪፕሲ የሚባለው ሕክምና ለጎረቤት ይሉኝታም ባለ ዕዳ ነው።

*

ቀደም ሲል የነበረው የተተኮረ አልትራሳውንድ ዕጢውን የሚገድለው አብስሎ ነው። ሂስቶትሪፕሲ ግን ምቱን በሰከንድ ሚሊዮንኛ እየቆረጠ፣ በመሀል እያሳረፈ ይመታል፤ ሙቀት ለመከማቸት ፋታ አያገኝም። በሥጋው ውስጥ ያሉ ደቃቅ የጋዝ ኪሶች በቅጽበት ያብጡና ይፈርጣሉ፤ በዙሪያቸው ያለውን ሕዋስ የሚበጣጥሰው ይኸው ነው። ሕዋሱ የራሱን ቅኝት ሰምቶ ይሰነጠቃል የሚሉት የሣጥን ነጋዴዎቹ ናቸው። እዚህ የሚሠራው አረፋ ነው።

*

ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቷል። ሆዱ ላይ ውኃ የያዘ ከረጢት ተቀምጧል፤ ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ነው። በስክሪኑ ላይ ዕጢው መሀል ብልጭ ድርግም የሚል ነጭ ደመና ይታያል። የሮቦቱ ክንድ ደመናውን ከነጥብ ወደ ነጥብ ይገፋዋል፤ ያለፈበት ቦታ ይጠቁራል። ቢላም መርፌም ዕጢው ዘንድ አልደረሰም። የተረፈውን ፍርስራሽ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰውነት ራሱ ይመጠዋል።

*

ክትፎ የሚከትፍ ሰው ያውቀዋል፤ ሥጋው ሲደቅ ጅማቱ ይቀራል። ትላልቅ የደም ሥሮችና የሐሞት ቱቦዎችም ጠንካራ ስለሆኑ፣ ዕጢውን የሚያልመውን ምት ብዙ ጊዜ ይቋቋሙታል። ጉበትን ለመሰለ በቧንቧ የተሞላ አካል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

*

አየርና አጥንት የድምፅ ጠላቶች ናቸው። ሳንባ፣ ጋዝ የሞላው አንጀትና የራስ ቅል መንገድ ይዘጋሉ። «ማንኛውንም ካንሰር» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ በቂ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ንዝረት ይዘው ብቅ አሉ፦ በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲመቱ የሚንቀጠቀጡና የሕዋሱን ሽፋን የሚቀድዱ ሞለኪውሎች። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከካንሰር ሕዋሳቱ 99 ከመቶው ሞቱ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ከነበረባቸው አይጦች ደግሞ ግማሾቹ ከዕጢው ነፃ ሆኑ። አንዱ ቁጥር የሚለካው ሕዋስን፣ ሌላው ሕይወት ያለውን እንስሳ ነው። ዜናው የቱን እንዳስተጋባ መገመት አያቅትም።

*

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኦክቶበር 2023 ሂስቶትሪፕሲን ለጉበት ዕጢ ፈቀደ። 44 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከዕጢዎቹ 95 ከመቶው እንደታቀደው ተመትተዋል፤ 3 ሰዎች ላይ ከባድ የጤና ችግር ደርሷል። የፈቃዱ ጽሑፍ ግን ሐቀኛ ነው፦ መሣሪያው የጉበት ዕጢን ለማፍረስ ተፈቀደ እንጂ፣ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱ ወይም ታማሚው ምን ያህል ዓመት መኖሩ አልተመዘነም ይላል። ዕጢ ማድቀቅ አንድ ፈተና ነው፤ ዕድሜ ማርዘም ሌላ። ፈቃዱ የተሰጠው የመጀመሪያውን በማለፉ ነው።