በአጥንት ስለ ታጠረው መግል

እግዚአብሔር የሰውን አንጎል በሦስት ሽፋን ጠቅልሎ በራስ ቅል ውስጥ አኑሮታል። ይህ አጥር ከውጭ ለሚመጣው አደጋ መከታ ነው፤ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ ግን ያው አጥር መሸሸጊያ ይሆንለታል። መግል በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል ወይም ከሽፋኑ በታች ሲጠራቀም፥ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ አንጎሉ ከውስጥ ይጨነቃል። መነሻውም ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ሳይድን የቈየ የጆሮ መግል ወይም በግንባር አጥንት ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች የገባ በሽታ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን አገኘ፤ ራጅ ግን አጥንቱን እንጂ ለስላሳውን አንጎል ለይቶ አያሳይም። በ1971 እንግሊዛዊው ጎድፍሪ ሐውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን በለንደን የአንዲት ሕመምተኛን አንጎል እንደ መጽሐፍ ቅጠል በየገጹ ከፍሎ አሳየ። ከዚያም በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤም አር አይ ተከተለ።

በደም ሥር ማቅለሚያ ሲሰጥ በአንጎል ውስጥ የቋጠረ መግል ጠርዙ የሚያበራ፥ መካከሉ የጠቈረ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ ዕጢም እንዲሁ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመግል ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ልብ ስለማይንቀሳቀስ፥ ኤም አር አይ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ለይቶ ያሳያል። ቅኔን የሚሰማ ሁሉ ሰሙን ይሰማል፤ ወርቁን የሚያወጣው ግን የተማረ ነው። ይህም ሥዕል ያለ አንባቢ ዝም ይላል።

ሁሉንም አይናገርም። ማጅራት ገትር ሲጀምር ሥዕሉ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ በሽታውን የሚመሰክረው ከወገብ አከርካሪ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም ማጅራት ገትርን ሲጠረጥር፥ ሥዕሉ እስኪነሣ ብሎ መድኃኒቱን አያዘገይም።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን በየወረዳው አይገኙም። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ፥ መነሣት ያለበት አስቀድሞ ነው። ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ይዞት አንገቱ አልታጠፍ ያለ፥ ወይም ጆሮው እየመገለ አእምሮው የሚዋልል ሰው ወደ ጠበል ሲመጣ፥ ካህኑ ጸልዮ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይስደደው። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ሱባዔው እስኪፈጸም ቈይ ማለት አይገባም፤ በአጥንት የታጠረ መግል ሱባዔ አይጠብቅም፤ ጠበሉ ግን ሕመምተኛው ድኖ እስኪመለስ ከምንጩ አይጠፋም።