የተዛነፈው መዝጊያ

ባለፈው ክረምት የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ የደም ግፊት ክኒኔን ይዛ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጥቄ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ተመስገን፣ አንድም አልጎደለም። በነርስነት ዘመኔ መድኃኒት የዋጠ ሕፃን ሲመጣ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

መድኃኒቴን የማስቀምጥበት ቁም ሳጥን ቁልፍ አለው፤ ግን አይቆለፍም ነበር። የሠራው የ16 ዓመቱ ታላቅ ወንድሟ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እዚሁ ላሊበላ፣ ሰፈራችን ካለ አናጺ ዘንድ ይውላል። በገዛ እጁ የሠራውን የመጀመሪያ ዕቃ ለእኔ አመጣልኝ። ዋንዛው ያምራል፤ ግን የአንዱን መዝጊያ ማጠፊያ ከላይ ለክቶ፣ የሌላውን ከታች ለካ። ሲሰቀሉ አንዱ ከአንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ቁልፉም ከቀዳዳው ጋር ሳይገናኝ ቀረ። እኔ ደግሞ ልጁን ላለማስከፋት “ግድ የለም” ብዬ መድኃኒቴን ከተትኩበት። ትልቁ ጥፋት ይህ የእኔው ነው።

አባቱ ሲሰማ ተቆጣ፤ “ሁለተኛ እንጨት እንዳትነካ!” አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ማታም እራት አልበላም።

በነጋታው ቁም ሳጥኑን በባጃጅ አስጭኜ፣ ልጁን አስከትዬ አናጺው ዘንድ ሄድኩ። አገላብጦ አየውና “ሲስተር፣ እጁ ጥሩ ነው። የሳተው በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚለካ ነው። አንዴ ለክቶ ፎርማ ቢሠራ አይስትም ነበር” አለኝ።

ፎርማው ከትርፍራፊ ጣውላ የሚሠራ፣ መሐሉ መስኮት የሆነ ክፈፍ ነው። ራውተር የሚሉት የእንጨት መቦርቦሪያ (ስሙ ከኢንተርኔቱ ዕቃ ጋር አንድ ነው) የመስኮቱን ጠርዝ ተደግፎ ይዞራል፤ ከዚያ አያልፍም። ሒሳቡን ልጁን አሠራው። የመሣሪያው ክብ መቀመጫ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ምላጩ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልዩነታቸው 14። ማጠፊያው 6 በ4 ስለሆነ በሁለቱም በኩል 14 ሲጨመር መስኮቱ 20 በ18 ይሆናል። ክፈፉ ላይ ማስቆሚያ ጣውላ መቱበት፤ ልኩንም በሜትር ሳይሆን ከደህናው መዝጊያ ወሰዱ።

እኔን የገረመኝ አሮጌው ቦታ የተጠገነበት መንገድ ነው። በቪቴ ተቀዳዶ ተሸራርፎ ስለነበር፣ በኮላና በሰጋቱራ ይሞሉታል ብዬ ነበር። አናጺው ሳቀ፤ “ሲስተር፣ እርስዎ ቁስል ሳያጸዱ ይሰፋሉ እንዴ?”

አፌን አስያዘኝ። የቆሸሸ ቁስል ላዩን ቢሰፋ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል። መጀመሪያ ይታጠባል፤ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል። እንጨቱንም እንደዚያው አደረጉት። ፎርማውን በሞርሳ አስረው የተሸራረፈውን ጥርት ወዳለ አራት ማዕዘን አሰፉት። ራውተሩ ማዕዘኑን ክብ አድርጎ ስለሚተወው ልጁ በመሮ አስተካከለው። ከዚያ በልኩ የተቆረጠ የዋንዛ ቁራጭ በኮላ ገጠሙበት። ኮላው አድሮ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ ፎርማውን ወደ ትክክለኛው ቦታ አዛውሮም አዲሱን የማጠፊያ ቦታ ራሱ ቦረቦረ። አናጺው እጁን ኪሱ ከትቶ ያይ ነበር።

እኛ የላሊበላ ልጆች ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆመን ቁልቁል እያየን ነው ያደግነው። ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ሕንፃ ነው፤ አንዴ የተጠረበ ድንጋይ ተመልሶ አይገባም። አንዳንዶቻችን ልጆቻችንንም እንደዚያ ዓለት እናያቸዋለን፤ አንድ ስህተት ካዩባቸው ሁሉ ነገር ያበቃ ይመስለናል። ልጄ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ስህተቱን ሳይሸፋፍን አጽድቶ ጠገነ።

ወላጆችና አያቶች፣ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልጨምር። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንም ሳይቀር ሕፃን ሲውጠው ከባድ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት። ከነማሸጊያው አስቀምጡ። ሕፃን እንዲውጥላችሁ ብላችሁ መድኃኒትን “ከረሜላ ነው” አትበሉት። ከዋጠ ደግሞ በግድ አታስመልሱት፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ቁም ሳጥኑ ቤት የገባ ማታ አባቱ መጣ። ቆለፈው፤ ከፈተው፤ ደግሞ ቆለፈው። መጣፊያውን በጣቱ ዳሰሰና ወደ ልጁ ዞሮ፣ “ለእኛም ቤት አንድ ሥራልን” አለው።