የጁገል ጠባብ መንገድ በልጅ ልጄ ሰሌዳ ላይ

ሐረር መጥታችሁ በሐረር በር ከገባችሁ መኪናው ፈረስ መጋላ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በተመላለስኩባቸው የጁገል መንገዶች ባለፈው ክረምት የዞርኩት ለአንድ ጨዋታ ሲባል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጄ የውጊያ ቦታ መሥራት ፈልጎ ነበር።

የሚጫወተው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አንዱ ልጅ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ መሳካቱን እንደ ሉዶ በሚወረወር ዳይስ ይወስናሉ። ውጊያ ሲመጣ በካሬ የተከፋፈለ ሰሌዳ ይዘረጋል። አንዱ ካሬ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ መሬት ላይ ቢሆን አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። የእኛው ልጅ ሰሌዳ ግን ባዶ ሜዳ ነበር። የሚደበቁበት የለ፣ የሚወጡበት የለ፤ ልጆቹ ፊት ለፊት ተፋጠው ዳይስ ሲወረውሩ ውለው ሰለቻቸው።

«ተነስ፣ ጫማህን አድርግ» አልኩት።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ ነው። ልጁ በስልኩ አሰላና በጨዋታው ልክ ሙሉውን ለመሥራት 58 ሜትር ካርቶን እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ሳሎኔን አይቶ ራሱ ተወው። ከአምስቱ የጥንት በሮች ወደ አንዱ፣ ወደ ኤረር በር፣ ይዤው ቁልቁል ወረድኩ።

በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሐል አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ልጁ ደብተሩን አወጣ። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ ማን እንዳለ አይታይም። መንገዱ ይታጠፍና ያየኸው ሁሉ ይጠፋል። የዕርቅ መንገድ የሚሏት ጠባብ መተላለፊያ ጋ ደርሰን እጁን ዘርግቶ ለካት። አንድ ካሬ እንኳ አትሞላም። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይታረቁ አይተላለፉም ይባላል። «እዚህ አንድ ሰው ብቻውን አሥር ሰው ያቆማል!» አለ ደስ ብሎት። እውነቱን ነው፤ ጥቂቶች ብዙዎችን የሚመክቱት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የሚገርመው ግን የከተማዋ ትልቁ ውጊያ እዚህ አልተደረገም። አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር የተዋጉት ወጥተው ጨለንቆ ላይ ነው። ብዙ ሰው አለቀ፤ ከተማዋም ተያዘች።

የሳለውን አየሁት። አንድ ጠባብ መንገድ፣ ሁለቱም ጫፍ በጠላት የተዘጋ።

እኔ ነርስ ነበርኩ። ጠባብ መንገድ ሳይ የሚታየኝ ቃሬዛ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ከውስጥ ስናወጣ መኪናው ሩቅ ይቆማል። ቃሬዛው ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ተሸካሚዎቹ ሲጨመሩ ሦስት ሜትር ያልፋል። መታጠፊያው ላይ አይዞርም። ያን ጊዜ ጎረቤት የግቢውን በር ይከፍትልናል፣ የቃሬዛውን ጫፍ ወደ ግቢው አስገብተን እናዞራለን። ስንቱን ሰው ያተረፈ በር ነው!

«የቆሰለው በየት ይወጣል?» አልኩት።

«እማማ፣ ከባድ እንዲሆን ብዬ እኮ ነው።»

«ይክበድ። ግን መውጫ ይኑረው።»

ያን ጊዜ ነው የጨዋታውን ሕግ የነገረኝ። የአንዱ የሕይወት ነጥብ ዜሮ ሲደርስ ይወድቃል እንጂ ወዲያው አይሞትም፤ ጓደኛው በጊዜ ከደረሰለት ይተርፋል። ጨዋታውን የወደድኩት በዚህ ነው። ግን እንዲደርስለት መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱን የሚሠራው ደግሞ ሰሌዳውን የሚሠራው ልጅ ነው።

ማታ ካርቶኑን ቆረጠ። አጥሩ ላይ ሦስት የግቢ በሮች ከፈተ፤ አንዱ የሚከፈተው አንኳኩተው ባለቤቲቱን ካሳመኑ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በመጽሐፍ ክምር ሠራው። ቅዳሜ አራት ልጆች መጡ። ኩሽና ሆኜ አንዱ «ቀስ! መጀመሪያ እግሩን አስገቡ!» ሲል ሰማሁ። ጠላቱን ትተው የወደቀ ጓደኛቸውን መታጠፊያው ላይ ሲያዞሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

ከልጆች ጋር የምትመጡ ከሆነ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታልና የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አሳዩአቸው። ድሮ የከተማዋ በሮች ማታ ማታ ሲዘጉ ለጅብ ግን መግቢያ ነበረው። የኔው ልጅ እነሱንም ሰሌዳው ላይ ጨምሯቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ለጓደኞቹ ገና አልነገራቸውም።