የሰኔ 24 ስንክሳር

ሰኔ 24 ቀን በየደብሩ የሙሴ ጸሊም ገድል ከስንክሳር ይነበባል። ባሪያ የነበረ፣ ወንበዴም የነበረ፣ ኋላ በግብፅ በረሃ መንኩሶ ለክህነት የበቃ ጥቁር አባት ነው። አባቶች ሊፈትኑት ብለው በቆዳው ጥቁረት ሰድበው አስወጡት፤ እሱም ራሱን እየወቀሰ፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይመልስ ወጣ። ሰባኪዎቻችን የሚያሞግሱት የተሰዳቢውን ትሕትና ነው። ለፈተናም ቢሆን ስድቡ እንዴት እንዲህ በቀላሉ አፍ ላይ ተገኘ ብሎ የጠየቀ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጣቴን የሚያስነክሰኝ ይኸው ነው።

ይህ ገድል ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ፣ ከአሶሳ እስከ መተከል፣ የሚናገረው ነበረው። ግልገል በለስ ገበያ የጉሙዝ ሴት ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ፣ በሁለቱም ጫፍ ሸክሟን አንጠልጥላ ትመጣለች። ልጇ የሚሆን ነጋዴ “አንቺ!” ብሎ ይጠራታል፤ እኩያዋን ደገኛ ግን “እማማ” ይላል። በዋጋ ሳይስማሙ ሲቀሩ ያ የባርነት ዘመን ስድብ ይከተላል። ሴትዮዋ አማርኛ ትሰማለች። ሸክሟን ታስተካክልና ዝም ብላ ታልፋለች። ከዳር ቆመው ከሚስቁት አንዱ አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይህኛው እንኳ አምልጦ አይደለም፣ ተለምዶ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ፤ ከምላሳችን ግን አልወጣም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ደርግ ድርቅ የጎዳውን ሕዝብ ከወሎና ከሌላም አካባቢ አምጥቶ ፓዌ ላይ ሲያሰፍር፣ ሰፋሪው እምነቱንም ይዞ ነው የመጣው። ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፣ ጸሎት ቤት ተከፈተ። ጉሙዞችም የሚያስቀድሱ አሉ፣ በወንጌላውያን አጥቢያ የሚዘምሩም አሉ። ሁለቱ ወገን ጎን ለጎን የሚቆሙበት ሌላ ስንት ቦታ ነበር? የያዕቆብ መልእክት ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ያ የምላስን እሳትነት የሚናገረው፣ በየጊዜው ተሰብኳል፤ ሰባኪው የሚያነሣው ግን የጎረቤት ሐሜትን ነው። በዐቢይ ጾም አንደበትም ይጹም እንባላለን፤ ያንን ስድብ ጹሙ ያለን የለም። ደም ሲፈስ ማንጌማ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ተቀምጠው በቃል የሚያስታርቁትን የጉሙዝ ሽማግሎች እንኳ ዓውደ ምሕረት ላይ አውጥተን እስቲ አስተምሩን አላልናቸውም።

ከዚያ ጊዜው አለቀ። በሰኔ 2010 አሶሳ ከተማ በግጭት ሰው ሞተ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው ተገደለ ሲል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ደገኛው የሚጠራበት “ቀይ” የሚለው ቃል በመተከል የሚታደን ሰው መጠሪያ ሆኖ ነበር። ስድብ ገዳይን አያጸድቅም፤ ምንም አያጸድቀውም። የመሬቱም የፖለቲካውም ጣጣ አለበት። ግን ሰውን አስቀድሞ በአፍ ከሰው ተራ ማውጣት የሁለቱም ወገን ልማድ ሆኖ ነበር፤ ይህን ማስጣል ደግሞ የካህንና የፓስተር ሥራ እንጂ የኮማንድ ፖስት አልነበረም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ ከበኩጂ በፊት ወጥቷል። ፓርላማው ዓውደ ምሕረቱን ቀደመው፤ እኛ ክርስቲያኖች ይህንንስ እንዴት ቻልነው?

ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ቻግኒ፣ ራንች መጠለያ ከገባ በኋላ አጽናኝ አልጠፋም። ሸራ ሥር የሰዉን እንባ የጠረጉ፣ የበቀልን ነገር ያበረዱ መልካም ቃሎች ተነግረዋል። አፋችን ማዳን ይችል ኖሯል ማለት ነው። ለዚያች ሴት “እማማ” ለማለት ደግሞ ከፓዌ ሰፈራ እስከ በኩጂ 35 ዓመት ያህል ነበረን።