ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፤ ሥር ስለ ሰደደና ስላልሰደደ ሠፈር

ጣናን በዓይናቸው ላላዩ አንባቢዎቻችን እናስረዳ ዘንድ፥ ከባሕር ዳር ጠረፍ ቆመን ወደ ሰሜን ስንመለከት ማዶው አይታይም። ውኃው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ሲሆን፥ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማይቱ ዛሬ ሰፊ ጎዳና ያላት ታላቅ ከተማ ሆናለች፤ ነገር ግን ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ከጠረፉ አልጠፋችም። በማለዳ ዓሣ አጥማጁ ሲቀዝፋት ያየ ሰው፥ ዘመን በዚህ ቦታ ፈጥኖ የሚሄድ አይመስለውም።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንድ ባለ ፎቅ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አለ። ይህን ግንብ የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው የኢየሱሳውያን ካህን ጴድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን፥ እነዚያ እንግዶች ከሩቅ አገር መጥተው፥ አገር ይዘው፥ ቤት ሠርተው ሲያበቁ፥ ዛሬ ከድንጋይ በቀር ስለ ምን አልቀረላቸውም? የሚል አሳብ መጣብን። በዚያው ዘመን ሌሎች አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ተሻግረው የመሠረቱት ሠፈር ታላቅ መንግሥት ወጥቶታልና። ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎሮስ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች አስከትሎ ምጽዋ ወረደ። በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ተዋጉ፥ ኢማም አሕመድም በዚያ ወደቀ። ከዚህ በኋላ ወታደሮቹ አገራቸው አልተመለሱም። ንጉሡ ርስት ሰጧቸው፤ ሚስትም ከአገሩ ሴቶች አገቡ። ኋላ ከመጡት ካህናት ምክንያት አንዱ እነዚህንና ልጆቻቸውን መጠበቅ ነበር።

እንግሊዞች ደግሞ በ1607፥ ማለት ዐፄ ሱስንዮስ ዘውድ በያዙበት ዓመት፥ በቨርጂኒያ ጄምስታውን የሚባለውን ሠፈር መሠረቱ። የመጡት መቶ ያህል ሰዎች ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ያሰቡትም ትርፍ ነው። ወርቅ ቢያጡ ረኃብ ጨረሳቸው፤ በኋላ ትምባሆ ተክለው በለጸጉ። ነገር ግን በዚያ ሀብት ላይ ኀዘን አለበት፤ ከ1619 ጀምሮ አፍሪቃውያን በግድ እየተወሰዱ ለሥራው ተዳርገዋልና። በሰሜን በኩል በ1620 በፕሊመዝ ከወረዱት 102 ሰዎች ግን አያሌዎቹ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ፥ ሚስትና ልጅ ያስከተሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት እኩሌታ ያህሉ ቢሞቱም የቀሩት ጸኑ፤ አገሩም ለትልቅ እርሻ አይመችምና በትንሽ እርሻ፥ በዓሣና በመርከብ ሥራ ኖሩ። በመካከል ያለው ፔንሲልቫኒያ በ1681 ለዊልያም ፔን ተሰጠ፤ ልዩ ልዩ ሃይማኖትና ቋንቋ ያላቸው ሰዎች ተቀላቅለው ስንዴ አመረቱበት። እንግዲህ ከአንድ አገር የወጡ ሰዎች እንደ አየሩ፥ እንደ አፈሩና እንደ አሳባቸው ሦስት ዓይነት አገር ሠሩ።

በእኛም ዘንድ የእንግዶቹ ሠፈር አንድ ዓይነት አልነበረም። በትግራይ፥ በአድዋ አጠገብ ያለችው ፍሬሞና ወደ ባሕር በር የቀረበች የጥንት መጠጊያቸው ናት። በደንቢያ፥ በጎርጎራ ግን የንጉሡ ከተማ ስለ ነበረ፥ በዚያ የተሠራው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ግርማ ነበረው፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ በጣና ሰሜን ይታያል። በጎጃም በኩል ደግሞ በጢስ ዐባይ አጠገብ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከእነርሱ እጅግ ቀድመው በደሴቶቹ የሠፈሩት መነኮሳት ግን ሌላ ሥርዐት ነበራቸው፤ በክብራን ሴት እንዳትገባ፥ በዘጌም መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ ሆነ። ስለዚህ ዘጌ ደኑን ጠብቆ በቡና ኖረ።

ከእንግዶቹ መካከል ፓኤዝ በ1603 መጣ፤ ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በ1618ም የዐባይን ምንጭ በግሽ አየ። ሰውን በትዕግሥት ያቀርብ ነበር። በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ጳጳስ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ በአንድ ጊዜ የአባቶቹን ሥርዐት እንዲለውጥ አስገደደ፤ ንጉሡም በዐዋጅ አጸኑለት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የቸኮለ ግን አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ አገር በአመፅ ተነሣ፥ ወንድም ወንድሙን ገደለ። ከብዙ ደም በኋላ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካህናቱም ከአገር ወጡ። የሚያስደንቀው በዚያው በ1632 የእንግሊዝ ንጉሥ ለአንድ ካቶሊካዊ ቤተ ሰብ የሜሪላንድን አገር መስጠቱ ነው፤ በዚህ በር ሲዘጋባቸው በዚያ ተከፈተላቸው።

ታዲያ የእንግሊዞቹ ሠፈር ሥር መስደዱ ለማመስገን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። እነርሱ የተስፋፉት የአገሩን ተወላጅ ከርስቱ እየገፉ ነው። በጣና ዳር ግን የአገሩ ሰው ጸና፤ እንግዳው ወታደርም በጋብቻ ቀለጠ። የአባት ቋንቋ ጠፋ፥ የእናት ቋንቋ ቀረ፤ ልጆቹም ከእኛ ሆኑ። በዐዋጅ የመጣው በዐዋጅ ሄደ፤ በትዳር የመጣው ግን ማንም ሳያስወጣው ከደማችን ጋር ይኖራል።

ስለዚህ አገር እንድናቀና ወደ ሩቅ አውራጃ በምንላክበት ጊዜ፥ የቤተ ሰብ አባቶችና እመቤቶች ይህን እናስብ። የአገሩን ቋንቋ የተማረ፥ የጎረቤቱን ወግ ያከበረ ሹም ቢሞት እንኳ ስሙ በመልካም ይነሣል፤ ያስገደደ ግን ግንቡ ብቻ ይቀርለታል። ከጊዮርጊስ ቅጽር ስንወጣ ፀሐይ ወደ ዘጌ በኩል ስትጠልቅ አየን፤ ያ አሮጌ ግንብም ዝም ብሎ ይህንኑ ሲመሰክር ተውነው።