መካከለኛውን ስም ለሴት አያቶች

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሲወለድ ከሆስፒታል ሳንወጣ የምንሞላው ቅጽ አለ። የልጁን ስም የሚጠይቀው ረድፍ ሦስት ቦታ አለው፤ የመጀመሪያ፣ መካከለኛና የቤተሰብ ስም። ሰሜን ወሎ ካሉት ከወልድያ፣ ከመርሳ ወይም ከጊራና ለመጣ ሰው የመጀመሪያው አያስቸግርም፤ ወራት ሙሉ ሲታሰብበት የከረመ ነው። ጭንቁ መካከል ላይ ነው። የዚህ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ ያን ቦታ ለአያት፣ ለአክስት ወይም ለሞተ ወንድም መታሰቢያ ያደርጉታል። እኛ ግን ከልጁ ስም ቀጥሎ አባት፣ ከአባት ቀጥሎ አያት እየተባለ በሚወርድ ስም ነው ያደግነው። ማንም አይመርጠውም፣ ማንም አይከራከርበትም።

እኔ ልጄን ስወልድ ያን ቦታ ለእናቴ እናት ሰጠሁ። በቅርብ የወለዱ የአገሬ ልጆች "እንዴት አደረግሽው? አባቷስ የት ገባ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

በእኛ ወረዳ በሀብሩ ዘመድ በስም ይታሰባል፤ መንገዱ ግን እንደዚህ አገር አይደለም። በክርስቲያኑ ቤት የሞተውን ሰው ስም እንዳለ አንስቶ ለሕፃን መስጠት እምብዛም አይለመድም። ሐዘኑ ራሱ ስም ይሆናል። ወንድሙ ሞቶ የተወለደ ልጅ ምትኩ ወይም ካሳ ይባላል። ከከባድ ለቅሶ በኋላ ቤቱን ያሳቀ ማስረሻ ይባላል። አያቷ ባረፈች በዓመቱ የመጣች ልጅ እናትነሽ ትባላለች። ሟቹ ስሙ ሳይነሳ፣ ልጁ በተጠራ ቁጥር ይታወሳል። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ስሙ እንዳለ ይመለሳል። ሰይድ፣ ይማም፣ እንድሪስ፣ ሁሴን፣ ፋጡማ፣ ሀዋ፣ ዘይነባ፣ ከዲጃ በአንድ ቤት ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲመላለሱ ይኖራሉ። በሰባተኛው ቀን ለሕፃኑ አቂቃ ሲታረድ ጎረቤቱ ክርስቲያንም ይመጣል፤ ዱአ ሲደረግ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቤት ስም አለ። አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት እናት ሁሉም ለሕፃኑ የየራሳቸውን ስም ያወጣሉ፣ ልጁም ለሁሉም አቤት ይላል። እኔን እናቴ የምትጠራኝ፣ አያቴ የምትጠራኝና በትምህርት ቤት መዝገብ የተጻፍኩበት ስም አንድ አይደሉም። በአገራችን ሰው ስም አጥቶ አያውቅም። ወረቀት ላይ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የአባት ስም ሰንሰለት የሚይዘው ነገር ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውለታውን መካድ ይሆንብኛል። ወሎ ውስጥ የሃይማኖታችን ታሪክ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ክርስትና ሲነሱ የራሳቸው ስም ተለወጠ፣ የአባታቸው ግን ያው አሊ ነው። ዛሬም ወልድያ ማክሰኞ ገበያ ላይ ታደሰ ይማም ወይም መሐመድ ተሰማ የሚባል ሰው ቢያጋጥም ማንም ቆም ብሎ አያየውም። በየጁ መኳንንት ዘንድ ደግሞ የቀደመ አያት ስም የተመለሰበት አለ። የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ ብጡል ለልጃቸው ያወጡት ስም ጉግሳ ነው። በዘመነ መሳፍንት የገነኑት የየጁው ራስ ጉግሳ ከትውልዶች በፊት በዚያው የዘር ሐረግ ላይ ይገኛሉ። በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የወደቁት ራስ ጉግሳ ወሌ የያዙት ስም ይህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እስካሁን በሰንሰለቱ ላይ የጠራሁት ስም ሁሉ የወንድ ነው። ሴቷ የራሷን ስም ከአባቷ ስም ጋር ይዛ ትኖራለች፣ ስታገባም አትለውጠውም፤ ይህ ከብዙ አገር ሴቶች የሚሻል ክብር ነው። ከልጇ ስም ጋር ግን አትጠራም። የልጅ ልጇ ስም ላይም የለችም። እናቴ ስምንት ትውልድ አባቶቿን ሳታቋርጥ ትቆጥራለች፣ የእናቷን እናት እናት ስም ግን አታውቅም። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በሰሜኑ የአማራ ገጠር ርስት በእናትም በአባትም በኩል ይጠየቅ ነበር። መሬት የሚከራከር ሰው በአያቱ እናት በኩል ወደ አቅኚው አባት የሚወስደውን መስመር ስም በስም መቁጠር ነበረበት፤ ሴቶቹን የዘለለ ሙግቱን ተረታ። ሴት አያቶችን በስም ማወቅ እንጀራ ነበር። ከዚያ የየካቲት 1967 አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። አዋጁን ለማማት አይደለም የማነሳው፤ ለጭሰኛው ያደረገለትን ወሎ አይረሳም። ግን ሴት አያቶቻችንን ስም በስም የምናውቅበት ትልቁ ምክንያት አብሮት ሄደ። ለክርስቲያኑ የቀረው ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት መቁጠር ነው፣ እሱም ከተማ ውስጥ እየላላ ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። አብዛኞቻችን ወደዚህ ስንመጣ በወረቀታችን ላይ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። ለምሳሌ ታደሰ ይማም አሊ የሚባል ሰው እዚህ "ሚስተር አሊ" ነው። ሴት ልጅ ወልዶ ሀና ቢላት፣ አገር ቤት ብትሆን ሀና ታደሰ ይማም ነበረች። እዚህ ግን ዝም ብሎ ቢሞላው ሀና አሊ ትሆናለች። አባቷም የለም፣ አያቷም የለም፤ የቀረላት የቅድመ አያቷ ስም ነው፣ እሱም ከእንግዲህ ለትውልድ ሁሉ ሳይወርድ ሳይወጣ እዚያው ይቆማል። ይህ የገባቸው አባቶች መካከለኛውን ቦታ በራሳቸው ስም ይሞሉታል፤ ሀና ታደሰ አሊ። መብታቸው ነው፣ እረዳቸዋለሁም። ግን ያን ሲያደርጉ ብቸኛውን የመምረጫ ቦታ ለሰንሰለቱ ይሰጡታል።

የተሻለ መንገድ አለ። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ወላጆች ለልጃቸው የሚፈልጉትን የቤተሰብ ስም መስጠት ይችላሉ፤ የግድ የአባትየው የቤተሰብ ስም መሆን የለበትም። ስለዚህ የአባትየውን የራሱን ስም በመጨረሻው ቦታ ጻፉት፦ ሀና፣ ከዚያ የሴት አያቷ ስም፣ ከዚያ ታደሰ። አባቷ በአገራችን ወግ በስሟ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ወንድሟም እህቷም ታደሰ ይሆናሉ፣ አይለያዩም። መካከሉ ነጻ ወጣ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ችግሩ የአባትና የልጅ የቤተሰብ ስም ስለሚለያይ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ የልደት ምስክር ወረቀቷን ከፓስፖርቷ ጋር ይዞ መጓዝ ነው። ሌላው፣ በብዙ ካርድ ላይ መካከለኛው ስም በአንድ ፊደል ይቀራል። ፓስፖርት ላይ ግን ሙሉውን ይጽፉታል፤ ስታመለክቱ በምህጻር አትሙሉት።

አገር ቤትም ቢሆን ሕጉ በሩን አልዘጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ የራሱ ስም ሊኖረው እንደሚችል ይናገራል። የቤተሰብ ስምም ይኑር ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባትና በአያት ስም ቀጠለ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም የእናትን ስም በልደት ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር አብሮ ይሰፍራል። ደብተሩን ሳይ ደስ ይለኛል፤ መሬቱ የሴቶቹን ስም ትንሽ መለሰው እላለሁ።

የእኔ ልጅ የተወለደችው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ወልድያና መርሳ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው መብራትም ስልክም የተቋረጠባቸው ወራት ነበሩ። በደህናው ጊዜ ቢሆን ስሙን የምታወጣው አያቴ ነበረች፤ ለእኔም ለእህቶቼም ያወጣችው እሷ ናት። ያኔ ግን በሕይወት መኖሯንም አናውቅም ነበር። ቅጹ ፊቴ ተቀምጦ ማን ይምረጥልኝ ብዬ ሳስብ የመጣልኝ የእሷው ስም ነው። አያቴ ሙስሊም ናት፤ እናቴ ናት አግብታ ክርስትና የተነሳችው። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ገብታ የክርስትና ስም ተሰጣት፣ መካከለኛ ስሟ ደግሞ የሙስሊም ሴት ስም ነው። ይህን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። እዚህ ግን ሁለት ሦስት ሰው ለብቻዬ ጠርቶ "ልጅቷን ግራ አታጋቧትም ወይ?" ብሎኛል። ግራ የሚያጋባት አለማወቋ ነው።

ስልኩ ሲመለስ ለአያቴ መጀመሪያ የነገርኳት ስሟን ለልጄ መስጠቴን ነበር። ዝም አለች፣ ከዚያ "ምነው ልጄ፣ እኔ ሳልሞት?" አለች። ደንግጣ ነበር። በሕይወት ያለን ሰው ስም ለሕፃን መስጠት የማይወዱ ትላልቅ ሰዎች አሉ፣ ይህን ማክበር ያስፈልጋል። በዚያ ወር ልጠይቃት የምችልበት መንገድ አልነበረም፤ እናንተ ግን መንገድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ፈቃዷን ጠይቁ። እኔ ስልኩ ተቋርጦ እንደነበር፣ ሌላ የማስበው ሰው እንዳልነበረኝ ነገርኳት። "እንግዲያው ከእኔ ዕድሜ ትጨምርላት" ብላ መረቀቻት። ወዲያው ደግሞ ለራሷ የምትጠራበት የቤት ስም አወጣችላት፤ የራሷን ስም መጥራት ያሳፍራል ብላ።

ባለቤቴ ከወልድያ ነው፣ በመጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ስሙ መጨረሻ ላይ መቀመጡን ሲያይ ረጋ አለ። እናቱ ግን እስካሁን ይጠይቁናል፤ "የእኔስ?" ይላሉ። ልክ ናቸው። አሁን ሁለተኛ ልጅ እየጠበቅን ነው፣ ሴት ናት ተብለናል፤ መካከለኛው ቦታ የእሳቸው ነው፣ ደውለን ፈቃዳቸውንም ተቀብለናል።