የቡና ገለባና የሞጆ ውሃ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወደ ዲላ

አውቶቡሱ ሞጆ ሲደርስ ተሳፋሪው መስኮቱን ይዘጋ ጀመር። የቆዳ ፋብሪካዎቹን ሽታ ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የማይሸተው ክሮሚየም ነው። በተለመደው አሠራር ለማልፊያ ከሚጨመረው ውስጥ ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የተረፈው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ካልተጣራ መንገዱ ወደ ሞጆ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ሐይቅ ነው። ክሮሚየም ደግሞ በስብሶ አይጠፋም።

ታኅሣሥ 9፣ ዲላ

ቡና መቀሸሪያው ጓሮ የገለባው ክምር ከአጥሩ በላይ ቆሟል። ጆንያ ስሞላ ያዩኝ ጥበቃ፣ “ልጄ፣ ለማገዶ ነው?” አሉኝ።

“አይ አባባ፣ ከሰል አድርጌ መርዝ ላጣራበት ነው።”

“መርዝ የሚይዝ ከሆነማ ጨምሪ እንጂ!” ብለው የጆንያውን አፍ ያዙልኝ።

የጌዴኦን ወንዞች በለቀማ ወቅት የሚጎዳቸው ሌላ ነው፤ የእሸት ቡና መፈልፈያ እጣቢ። የፍሬው ስኳርና ሙጫ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የእርሱ መፍትሔ ለብቻው ነው።

ታኅሣሥ 15

ገለባውን አጥቤ፣ አድርቄ አየር በማያስገባ ምድጃ አከሰልኩት። ኃይሉ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው። በደንብ የተዘጋጀ 1 ግራም አክቲቬትድ ካርቦን (ቀዳዳው እንዲበዛ የተሠራ ከሰል) የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ ብረቱ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን የውሃው አሲድነት ይወስነዋል። ካንሰር አምጪው የክሮሚየም ዓይነት (ክሮሚየም 6) በብዛት የሚያዘው ፒኤች 2 አካባቢ ሲሆን፣ እርሳስና ካድሚየም ግን ከ5 እስከ 6 ይሻላቸዋል። ስለዚህ የሁሉንም ፋብሪካ እጣቢ ባንድ ዘዴ አጣራለሁ ማለት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው።

ታኅሣሥ 24

ተማሪዎቼን፣ “መርዙን ይዞ የጠገበው ከሰል የት ይጣል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሜዳ ላይ ከተጣለ መርዙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም፤ ዝናብ መልሶ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ወይ ክሮሚየሙ በአልካሊ ታጥቦ ተሰብስቦ ከሰሉ ዳግም ይሠራበታል፣ ወይ ፍሳሽ በማያሳልፍ ጉድጓድ ይቀበራል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ያዛል። ገለባው አለን፣ ሕጉም አለን። የፋብሪካ ባለቤቶች ሆይ፣ ማጣሪያውን ከወንዙ በፊት፣ ከግቢያችሁ ውስጥ አቁሙት፤ የጠገበውንም ከሰል እስከ መጨረሻው ተቆጣጠሩት።